ስለ አርማታው የመጡ ሽማግሌዎች

የሰልሚያ ከድሮ ሥራ መስበር ነው። ሰው ሲጠይቃት ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው ትላለች። ምን ታስተምሪያለሽ ሲሏት አላስተምርም፣ ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት እሰብራለሁ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ጠያቂው ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል።

ቡታጅራ ባለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ የሲቪል ምህንድስናው ላብራቶሪ ውስጥ፣ አርማታ የሚፈትሽ ማሽን አለ። በአካባቢው ፎቅም ይሁን ድልድይ፣ ጤና ጣቢያም ይሁን ትምህርት ቤት ሲገነባ፣ ከሚቦካው አርማታ ላይ እየተቀነሰ በብረት ሣጥን ይሞላና ሲደርቅ አራት ማዕዘን ድንጋይ ይሆናል። ናሙና ይባላል። ናሙናው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ወር ገደማ ይከርምና ሰልሚያ ዘንድ ይመጣል። እሷም ማሽኑ መሐል ታስገባዋለች፤ ማሽኑ ይጫነዋል፤ ናሙናው የቻለውን ያህል ችሎ ይሰበራል። ስንት እንደቻለ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ ስባሪውን ጓሮ ትጥላለች።

ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አንዷ ናት። ስትመረቅ አባቷ አቶ ከድሮ በግ አርደው ነበር። ልጄ ኢንጂነር ሆናለች፣ እንግዲህ ትገነባለች ብለው ጠበቁ። አንድ ዓመት ጠበቁ፣ ሁለት ዓመት ጠበቁ። የሌላው ሰው ልጅ የገነባው ከመንገድ ላይ ይታያል፤ የእሳቸው ልጅ የሠራችው ላብራቶሪው ጓሮ ተከምሮ ሣር በቅሎበታል። ሰው ልጅዎ ምን ሠራች ሲላቸው መንግሥት ቤት ናት ብለው ያልፉታል። ላብራቶሪው ድረስ መጥተውም አያውቁም። ሰልሚያ ይህን ታውቃለች። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፣ ባልም ልጆችም አሏት፣ ደመወዟም ቢዘገይ እንጂ አይቀርም፤ የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ አንድ ቀን በሰው ፊት ስለ እሷ አፋቸውን ሞልተው እንዲናገሩ። ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለባሏም ቢሆን።

ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲው የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የሕዝብ ግንኙነቱ ዘመድኩን «ስመ ጥር ተመራቂዎቻችንና ሠራተኞቻችን» የሚል ጽሑፍ በወርቃማ ቀለም አስጽፎ ኮሪደሩ ላይ ፎቶ ሰቀለ። ስመ ጥር ማለት ማን እንደሆነ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሲከራከር ሰንብቶ፣ በመጨረሻ በከረባት የተነሣው ፎቶ ያለው ሁሉ ተሰቀለ። አንደኛው ዱባይ የሚኖር ሲሆን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ከሁሉ ፊት የተሰቀለው ተቋራጩ ራምዚ ነው። ሰልሚያ በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር ዘመድኩን ካገኛት የሠራተኞቹ ረድፍ ገና አለመሰቀሉን ይነግራታል። ሳትጠይቀው ነው የሚነግራት።

ራምዚ የክፍሏ ልጅ ነበር። ተማሪ ሳሉ አንድ ቡድን ውስጥ ሆነው እሱ ያቦካል፣ እሷ ትጽፋለች። ዛሬ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ የእሱ ግንባታ የሌለበት ከተማ ጥቂት ነው። ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ክፉ ሰው የሚፈልግ ይመስላልና። ክፉ ሰው የለበትም።

የሰልሚያ የትውልድ መንደር ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ሄድ ብሎ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ትምህርት ቤቱ ጭቃ ነበር። ክረምት ላይ የሚያፈስበት ቦታ ስለሚታወቅ ልጆቹ የሚቀመጡት በክፍል ደረጃ ሳይሆን በጣሪያው ሁኔታ ነበር። አዲስ አበባ መርካቶ የሚነግዱት የመንደሩ ልጆች ተሰብስበው ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት እንሥራ አሉ፤ ኮሚቴ አቆሙ፤ ሰብሳቢው አቶ ከድሮ ሆኑ። ራምዚ ደግሞ የጎረቤት መንደር ልጅ ነውና ያለ ትርፍ እሠራለሁ አለ። ለአረፋ፣ ከአዲስ አበባ ሰው ሁሉ አገሩ በሚገባበት ጊዜ፣ ገና ምሰሶዎቹ ብቻ ቢቆሙም ሪባን እንዲቆረጥ ተወሰነ።

ገንዘብ የሌለው ደግሞ በጉልበቱና በአሸዋ አዋጣ። ከመንደሩ በታች ወንዝ አለ። አቶ ከድሮ የመጀመሪያውን ጭነት በራሳቸው አህያ ነድተው አመጡ፤ ከኋላቸው መንደሩ በሙሉ ተከተለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባል የሞተባት ሴት ሳትቀር በሻሽዋ ቋጥራ አመጣች። አሸዋው የቤት ቁመት አክሎ ሲከመር አቶ ከድሮ ዞር ዞር እያሉ አዩትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ ይባላል። ሰልሚያ በዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች፤ በስልክ ነው ቪዲዮውን ያየችው።

ምሰሶዎቹ ቆሙ። ናሙናውም ወር ከርሞ ሰልሚያ ዘንድ መጣ። የመጀመሪያውን ማሽኑ ውስጥ አስገባች፤ ከሚገባው ሸክም ሳይደርስ ተሰበረ። ማሽኑ ነው ብላ ከወልቂጤ የመጣ የሌላ ሕንፃ ናሙና አስገባች፤ ያኛው እንደሚገባው ቻለ። የመንደሯን ሁለተኛውን አስገባች፣ ሦስተኛውንም። እንደ ደረቀ ቆጮ ተፈረፈሩ። ስባሪውን አንሥታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ውስጡ ወደ ቡና ዓይነት የሚያደላ ነው፣ ቀጭን የሣር ሥርም ታይቷል። ያን አፈር ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆና ልብስ ስታጥብ ነጩን ነጠላ የሚያበላሽባት የወንዙ ደለል ነው።

ራምዚን ጠራችው። መጣ፣ ስባሪውን አየ፣ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አሸዋው ነው አለች። አውቃለሁ አለ። ስታውቅ ለምን ተቀበልክ አለችው።

«አባትሽ አህያ እየነዱ መጥተው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ይህ አፈር ነው መልሱት ልበላቸው?»

በዚያ አገር መዋጮ አይመለስም። ያመጣውን የመለሱበት ሰው መዋጮው ብቻ ሳይሆን ራሱ ነው የተመለሰው፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶም አይደርስም፣ ሰርግም አይጠራም። ራምዚ አሸዋው እንዲታጠብ ማድረግ ይችል ነበር፤ ግን ሲያጥቡት ማን አያይም? ስለዚህ ከራሱ ኪስ ሲሚንቶ ጨመረበት። የአሸዋውን ጥፋት በሲሚንቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር። ሁለቱም አብረው የተማሩት ትምህርት እንዲህ እንደማይሆን ይናገራል፤ ሁለቱም ፈተናውን አልፈዋል።

አጭበርብረሽ ፈርሚ አላላትም፤ ይህም ለእሱ ይቆጠርለት። ብቻ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ስለ አሸዋው አፉ እንቢ ስላለው፣ ወረቀቱ ከሰልሚያ ዘንድ አላለፈም አለ። ኮሚቴው የሰማው ሰልሚያ አላሳለፈችም የሚለውን ነው። መንደሩ ደግሞ የሰማው ሰልሚያ ከራምዚ ጋር ተጣልታለች የሚለውን ነው። ጠብ ከሆነ ደግሞ ችግር የለም፤ መንደሩ ለጠብ መድኃኒት አለው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ላብራቶሪው ድረስ መጡ። ሐጂ ሸረፋ መሪያቸው ናቸው፤ የደም ጠብ ያስታረቁ፣ ለሁለት የተከፈለ ገበያ አንድ ያደረጉ፣ ከመስቃን ወረዳ አልፎ ስማቸው የሚታወቅ ሰው ናቸው። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች አብረዋቸው አሉ። ራምዚም ተጠርቶ መጥቷል፤ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ የገዛ ፎቶውን እንዳያይ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ከሁሉ ኋላ አቶ ከድሮ ገቡ። የአንደኛው ወገን አባት ስለሆኑ እንደ ደንቡ ራቅ ብለው፣ የናሙናው መንከሪያ ገንዳ አጠገብ ቆሙ። ሰልሚያ አባቷን በዚያ ክፍል ውስጥ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ማሽኑን ቀድሜ ባጸዳሁት ኖሮ ብላ አሰበች።

የላብራቶሪው ወንበር ረጅም ነው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡበት እግራቸው አየር ላይ ቀረ። እንደዚያው ሆነው ዱዓ አደረጉ።

ሐጂ ሸረፋ ንግግር ጀመሩ። እናንተ አብራችሁ የተማራችሁ ናችሁ፣ አንድ ማዕድ የበላችሁ ናችሁ፣ ሰይጣን መሐላችሁ ገብቶ እንደሆነ ልናወጣው ነው የመጣነው አሉ። ሰልሚያ ጠብ የለንም አለች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተጣላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ራምዚም የለንም አለ። እነሱም በዚህ ይበልጥ ነገሩ የከረረ መሆኑን ተረዱ።

ሰልሚያ ጉዳዩ ከእሷ ጋር ሳይሆን ከማሽኑ ጋር መሆኑን አስረዳች። ማሽኑ እንዲህ ይጫናል፣ ምሰሶው ይህን ያህል መቻል አለበት፣ አልቻለም። ምን ያህል ጎደለው ብለው ጠየቁ። ሲሶው አለች። ሐጂ ሸረፋ ፊታቸው በራ። ሦስት እጅ ከሆነ ሁለቱ ተገኝቷል ማለት ነው፤ እሳቸው ከዚህ ባነሰ ስንቱን አስታርቀዋል። እሱ ትንሽ ይጨምር፣ አንቺ ትንሽ ልቀቂ አሉ። የምለቀው የእኔ አይደለም አለች። ከአጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ፣ ታዲያ ከማሽኑ በላይ የሆነ ልናነጋግረው የምንችል ሰው የለም ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁ።

ሰልሚያ በቃላት እንደማይሆን ገባት። ከመንደሩ ናሙናዎች ሳይሰበር የቀረ አንድ ነበር። ከገንዳው አወጣችውና ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። ሽማግሌዎቹ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ናሙናው ጧ ብሎ ፈረሰ፤ አቧራው ወጣ። ሐጂ ሸረፋ ቢስሚላህ አሉ።

አቶ ከድሮ ራቅ ካሉበት መጥተው ከስባሪው አንዱን አነሡ። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ጥፍራቸው ውስጥ የገባውን አፈር አዩት፣ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው፤ ያን አፈር ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ፊታቸው ሲጠቁር ሰልሚያ አየች፤ ማሽኑን ባላስነሣሁት ኖሮ አለች በልቧ።

«አሸዋው የእኔ ነው» አሉ አቶ ከድሮ። ወደ ራምዚም ዞሩ። «እያየህ ለምን አልነገርከኝም?»

ራምዚ ወለሉን እያየ «እንዴት ብዬ ልንገርዎ?» አለ።

አቶ ከድሮ ይህን ካሰቡበት በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም የሚነገርበት መንገድ አልነበረም።

ሐጂ ሸረፋ ግን የጀመሩትን ሳይጨርሱ የሚነሡ ሰው አይደሉም። ነገሩ ጠብ ካልሆነም ሥርዓቱን ይጨርስ አሉ። በእነሱ ዘንድ እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም፤ ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ቢበላሽ በቤቱና በስሙ ይጠየቃል። ስለዚህ ምሰሶው ይቁም የሚል ሰው ካለ ለምሰሶው ዋስ ይሁን፤ ልጆቻችን ሥሩ ይቀመጣሉና አሉ። ዓይናቸው ራምዚ ላይ አረፈ። ራምዚ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች የተንጠለጠለ እግራቸውን አዩ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ አቶ ከድሮ።

ሰልሚያ ደነገጠች። አባቷ ለዚያ አፈር ቤታቸውን ሊሰጡ መሰላት።

«ለምሰሶው አይደለም» አሉ። «ለልጄ ነው ዋስ የምሆነው። ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። ይወድቃል ካለች ይወድቃል። ወላሂ ይወድቃል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲህ እላለሁ፤ ይፍረስ።»

እንግዲህ ሰልሚያ ይወድቃል አላለችም። ደረጃው አልደረሰም ነው ያለችው፤ ወረቀቷም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትምህርቷ ግማሽ ነው። ልታርም አፏን ከፈተች። አባቷ እዚያ፣ በሐጂ ሸረፋ ፊት፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አፋቸውን ሞልተው ተናግረዋል። አፏን ዘጋች። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው፣ ሁለቱን ተጨባበጡ ብለው አጨባበጧቸው፤ ያልተጣሉት ሁለቱ ሰዎችም ታርቀው ወጡ።

አረፋ ደረሰ። የመንደሩ ልጆች ከአዲስ አበባ በሚኒባስም በቤት መኪናም ገቡ። ሪባን ሊቆርጡ የመጡ ናቸው፤ ለሪባኑ የተገዛው መቀስም አለ። በበዓሉ ማግስት ኮሚቴው ሰውን ሰብስቦ መቀሱን አስቀምጡና መዶሻ አንሡ አለ። ራምዚ በንጹሕ አሸዋ እንደገና ሊያቆመው በሰው ፊት ቃል ገብቷል፣ ለዚያም አዲሱን አሸዋ ከሩቅ አስመጥቷል። አቶ ከድሮ ከሚኒባስ ለወረደው ሁሉ ነገሩን በየተራ አስረዱ። ልጄ አይታዋለች፣ ይወድቃል ብላለች፣ ይወድቃል አሉ። ለአንዳንዱ ሁለት ጊዜ አስረዱ። አሸዋውን እኔ ነኝ ያመጣሁት የሚለውንም አልደበቁም፤ ያን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፣ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ መልሶ ከፍ ይላል።

ከዚያም መስበር ተጀመረ፤ ምሰሶዎቹም አልሰበር አሉ።

ይህን ማንም አልጠበቀም፣ ከሰልሚያ በቀር። የመርካቶ ነጋዴዎች የበዓል ጫማቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በተራ መቱ። መዶሻው እየነጠረ ይመለሳል። ከምሰሶው ላይ የሚረግፈው የጥፍር ያህል ነው። እጃቸው ውሃ ቋጠረ። እስከ ቀትር ድረስ መጀመሪያ የተነካው ምሰሶ ወገቡ ድረስ ቆዳው ተላጦ ፌሮው ብቅ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ላቡን እየጠረገ ደካማ ነው ያላችሁት ይሄንን ነው ወይ አለ፤ ሰዉ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ቀልዱ መንደሩን አዳረሰው። ብርቱ ሰው ሲያዩ የሰልሚያ ደካማ ይሉታል አሉ። ሰልሚያ ሸክምና መዶሻ አንድ አለመሆናቸውን፣ ሕንፃ ላይ የሚመጣው ክብደት እንዲህ እንዳልሆነ፣ ለቀረባት ሁሉ ለማስረዳት ሞከረች። እጁ ውሃ የቋጠረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። ቀስ እያለች ራቅ ብላ ከአሮጌው የጭቃ ክፍል ጥላ ሥር ተቀመጠች። ተናዳለች፤ በእነሱ ሳይሆን ምንም ማሳየት ባለመቻሏ። ሕንፃው ሳይወድቅ ሊፈርስ ነው፤ ሳይወድቅ ለፈረሰ ሕንፃ ደግሞ ማንም ትክክል ነበርሽ አይላትም፣ ዛሬም ነገም።

አቶ ከድሮ መዶሻ ይዘው መጡ። እድሜዎ ለዚህ ሥራ አይፈቅድም ቢሏቸውም አልለቀቁም። አጠገቧ ተቀመጡና መዶሻውን በጉልበታቸው መሐል አደረጉት። ወጣቶቹ ምሰሶውን ሲመቱ ተመለከቱ።

«ሰልሚያ» አሉ። «ይወድቅ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። እሳቸውም ብትዋሻቸው የሚወዱ መስሏት ነበር።

«አላውቅም አባባ» አለች። «ደረጃው አልደረሰም ማለት ነገ ይወድቃል ማለት አይደለም። አይወድቅም ብሎ የሚፈርም ሰው የለም ማለት ነው። ልጆቹ እዚያ ተምረው፣ አድገው፣ ወልደው፣ ቆሞ ሊኖር ይችል ነበር። ወይም አይችልም ነበር።»

ከወዲያ የመዶሻው ድምፅና የሰው ሳቅ ይሰማል።

«እኔ በአላህ ስም ምያለሁ» አሉ። «ለስንቱ ሰው።»

«ሰምቻለሁ።»

«መጀመሪያ ስምል እዚያው ነበርሽ። ለምን ዝም አልሽኝ?»

ሰልሚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬቱን አየች።

«ዋስ የሆነኝ ሰው ስላልነበረ» አለች። «ከዚያ በፊት።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ እሷ ሳያዞሩ የመዶሻውን እጀታ በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ ተነሡ። ለመነሣት መዶሻውን ተመረኮዙት።

«በዓሉ ይለፍና ለመሐላዬ ማካካሻ ሦስት ቀን እጾማለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ይህን የነገርሽኝን ለማንም እንዳትናገሪ።»

ወደ ምሰሶው ተመለሱ። ወጣቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አንዱ አባባ ይሄ እኮ አይወድቅም ሲላቸው፣ ልጄ ይወድቃል ብላለች አሉት፣ መዶሻውንም አንሥተው መቱ። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም። ደገሙት።